«የለም» የምንልበት መስኮት

(ጅማ ላይ ለሆስፒታል ፋርማሲ ባለሙያዎችና ለተመራቂ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ሲጻፍ አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ፤ አካም ኦልታን።

በሩ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አገኘኝና «ጋሼ፣ ዛሬ የሚነግሩን ስለ ምንድን ነው?» አለኝ። «ስለ ሥራ ዝለት» አልኩት። «እሱንማ እኛ እናስተምርዎታለን» ብሎ ሳቀ። ሌሊቱን ዱቲ አድሮ ነው የመጣው፤ ዓይኑ ቀልቷል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ላስተምራችሁ ሳይሆን የደረሰብኝን ልነግራችሁና አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ልመናው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ለሻይ ቀድማችሁ እንዳትወጡ።

«ወረርሽኙ እኮ አለፈ፤ ምን ይቆሰቁሱታል?» የሚሉኝ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያነሳው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። እኔ ግን ያኔ የለመድኩትን አንድ መጥፎ ነገር ለመተው ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ከሱ ልጀምር።

የመጀመሪያው ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር፤ ዕለቱ ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ሰልፉ ግቢውን አቋርጦ ነበር። ማስክ፣ አልኮል፣ ጓንት። ገበያ የወጣ ሰው ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አልቀመስ ማለቱን እያወራ ይመለሳል። በሳምንቱ ክሎሮኪን የሚጠይቁ መጡ። ይህን ስል የሳቃችሁት እናንተም የተጠየቃችሁ ናችሁ። ክሎሮኪን ለእኛ አካባቢ እንግዳ ስም አይደለም፤ ከአሰንዳቦና ከግልገል ጊቤ ዳርቻ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ይዞት ለሚመጣው ሰው የምንሰጠው መድኃኒት ነው። አሁን ግን የሚጠይቁን ወባ የያዛቸው አይደሉም፤ በቴሌቪዥን «ለኮቪድ ይሆናል» ሲባል የሰሙ፣ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ናቸው።

በዚያው ሰሞን የመድኃኒት መንገዱ ከላይ መጥበብ ጀመረ። ህንድ ከየካቲት 2012 መጨረሻ ጀምሮ በ26 ዓይነት የመድኃኒት ጥሬ ዕቃዎችና ከእነሱ በሚሠሩ መድኃኒቶች ላይ የውጭ ሽያጭ ገደብ ጣለች። ፓራሲታሞል አለበት፤ ሜትሮኒዳዞል አለበት። ገደቡ ከአንድ ወር ያህል በኋላ መላላት ቢጀምርም አንዴ የተዛባ መርከብና አውሮፕላን ወደ መስመሩ ቶሎ አይመለስም። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከሙምባይ ያለውን ርቀት የሚለካው ግን መስኮት ላይ የቆመ ፋርማሲስት ብቻ ነው።

አንድ ቀን፣ ሰኔ ውስጥ ይመስለኛል፣ ከሴካ ጨቆርሳ በኩል የመጣ አባት ለልጁ ፌኖባርቢታል ፈልጎ ቀረበ። ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት፤ በየወሩ ከእኔው መስኮት ይወስዳል። ያን ጊዜ መኪናው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ታሪፍ ነው የሚጫነው። «የለም» አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ነገስ?» አለኝ።

ለነገው መልስ አልነበረኝም። መጋዘን ደወልኩ፤ መጋዘኑም አያውቅም። «እሺ፣ ሰኞ ልምጣ?» አለ። ሰኞም እንደሆነ አላወቅኩም። አላውቅም እንዳልለው ነጭ ጋውን ለብሻለሁ፤ ና እንዳልለው ትራንስፖርቱን አውቀዋለሁ። በመጨረሻ «ከተማ ካሉት የግል ፋርማሲዎች ጠይቅ» አልኩት፤ የግል ፋርማሲ እንደማያገኘው እያወቅኩ። ሥራ በዝቶብን ነበር፣ እውነት ነው። ማስኩ አፍኖናል፣ በሽታውን ፈርተናል። ግን ማታ አልጋዬ ላይ የሚመላለስብኝ ሰልፉ አልነበረም። «ነገስ?» የሚለው ነበር።

በማግሥቱ ከባዶ የጓንት ካርቶን ጎን ላይ «የለም» ባልኩ ቁጥር አንድ ጭረት ማስመር ጀመርኩ። ለምን እንደጀመርኩት አላውቅም፤ እስረኛ ግድግዳ ላይ ቀን እንደሚቆጥረው መሆኑ ነው። እስከ ምሳ ድረስ የካርቶኑ አንድ ጎን ሞላ።

አሁን ወደዚያ መጥፎ ልማድ ልምጣ። ሦስተኛው ወር ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ማዘዣቸውን መስኮቱ ላይ በለጠፍነው ፕላስቲክ ሥር አሳለፉልኝ። ቀና ሳልል «የለም አባቴ» አልኳቸው። ቆሙ። ከዚያ ረጋ ብለው «ልጄ፣ ወረቀቱን እንኳ አላየኸውም» አሉኝ። አየሁት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ የደም ግፊት። ከጀርባዬ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ሁለት ሙሉ ካርቶን አለ። አንስቼ ሰጠኋቸው፤ መረቁኝና ሄዱ። ምርቃታቸው ከስድብ በላይ ቆጠቆጠኝ። ከሳቸው በፊት ያላየሁት ወረቀት ስንት ነው? መደርደሪያ ላይ ያለውን መድኃኒት «የለም» ብዬ የመለስኩት ማንን ነው? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህንን ነገር ያጠኑ ሰዎች «በርንአውት» (burnout) የሚል ስም ሰጥተውታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በነጻ ክሊኒክ የሚያገለግሉ ሰዎች እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚያልቁ ጻፈ። በ1981 ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን መለኪያ አወጡለት፤ 22 ጥያቄ አለው። መለኪያው ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንዱ የስሜት መዛል ነው፤ እኛ «ነፍሴ ዛለች» የምንለው። ሁለተኛው ሰውን እንደ ሰው ማየት ማቆም ነው፤ ከሽማግሌው ጋር የሆንኩት ይኸው ነው። ሦስተኛው «ምን ሠራሁ፣ ምንስ ረባሁ» የሚል ስሜት ነው። በአማርኛ ሦስቱንም ጠቅልሎ የሚይዝ አንድ ቃል ስፈልግ ኖሬያለሁ። «ዝለት» የመጀመሪያውን ብቻ ይይዛል። «መሰላቸት» ቀለል ይላል። ወደ እውነቱ የሚጠጋው የሌሊት ተረኞች የሚሉት «አንገሸገሸኝ» ነው፤ እሱ ውስጥ ድካሙም፣ ሰው ማየት መጥላቱም አለበት። ለጥናት መጠይቅ አይመች ይሆናል እንጂ ቃሉ እሱ ነው።

ሌላም ነገር ልብ በሉልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2011 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ ይህ ነገር ተጠቅሷል፤ ግን በበሽታነት አልተመዘገበም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው የተባለው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሽታ ቢሆን ኖሮ የሚመረመረው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን የሚመረመረው ሥራዬ ነው። እኛ ግን ወረርሽኙ በተጧጧፈበት ሰሞን የተጠራንበት ሥልጠና በጥልቅ እንድንተነፍስ ያስተምረን ነበር። ኤን 95 ማስክ አድርገን በጥልቅ መተንፈስ! (እዚህ ጋ በጣም ተስቋል። እኔም ያኔ ስቄ ነበር፤ ግን ተንፍሼ ስጨርስ ፌኖባርቢታሉ አልመጣም።)

አሁን ስለ እርካታ እናውራ፤ የተጋበዝኩበት ርዕስ «ዝለትና እርካታ» ነውና።

ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ሚዛን ሁለት ጫፍ ያስባቸዋል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት ይህን ይሞግታል። በፒትስበርግ አካባቢ ያሉ 200 ያህል መሐንዲሶችና የሒሳብ አያያዝ ባለሙያዎችን «በሥራህ በጣም ደስ ያለህን ጊዜ ንገረኝ፤ በጣም የከፋህንም ንገረኝ» ብሎ ጠየቃቸው። ሲከፋቸው የሚያነሱት ደመወዝ፣ አለቃ፣ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው። ደስ ሲላቸው የሚያነሱት ግን ሌላ ነው፤ ሠርተው ያሳኩት ነገር፣ የታየላቸው ነገር፣ ራሱ ሥራው። የኸርዝበርግን ድምዳሜ የሚተቹ ብዙ ናቸው፤ ሰው ሲሳካለት ለራሱ፣ ሲከሽፍበት ለአለቃው ይሰጣል ይላሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የእኔ ግን በ2012 ሁለቱም በአንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ደርሰውብኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት የተንገሸገሽኩበት ጊዜ የለም፤ ፋርማሲስት በመሆኔ እንደዚያ ዓመት የኮራሁበትም ጊዜ የለም።

የኮራሁበትን ልንገራችሁ። ሳኒታይዘር ከገበያ ሲጠፋ ራሳችን እናዘጋጅ ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር አለ፤ ተማሪ ሳለን ሸምድደን ለፈተና ጽፈን የረሳነው ዓይነት ነገር ነው። ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፤ የቀረውን ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ መሙላት። ኢታኖሉ እንደ መተሐራና ፊንጫ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ የሚያወጡት ነው፤ ጀሪካኑ ሲከፈት ክፍሉ በሙሉ አረቄ አረቄ ይሸታል። ሦስት ሆነን ነው የሠራነው። አንዷ ትለካለች፣ አንዱ በእንጨት መቅዘፊያ ያማስላል፣ እኔ እመዘግባለሁ። ግሊሰሮሉ ወፍራም ስለሆነ መለኪያው ላይ ይጣበቃል፤ በውሃ አለቅልቃ ደግማ ትጨምረዋለች፤ ሦስት ጊዜ። «ይበቃል» ስላት «145 ማለት 145 ነው» አለችኝ። ያቺ ልጅ በዚያ ሳምንት መስኮት ላይ ሁለት ጊዜ አልቅሳለች። ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ ግን እጇ አይንቀጠቀጥም።

ማታ አለቃችን መጥተው «ተዘጋጅቷል አሉ፤ አሁኑኑ ለዋርዶቹ ይከፋፈል» አሉ። «72 ሰዓት መቀመጥ አለበት ጌታዬ» አልናቸው። «ሰው እየሞተ?» አሉ። በአልኮሉም ሆነ በጠርሙሱ ውስጥ የባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛ ባክቴሪያ፣ ሊኖር እንደሚችል፣ አልኮል ስፖር እንደማይገድል፣ ፐርኦክሳይዱ ሥራውን እስኪጨርስ መጠበቅ እንዳለብን አስረዳናቸው። ትንሽ አሰቡና «እናንተ ናችሁ የምታውቁት» ብለው ወጡ። ከዚህች ዓረፍተ ነገር የተሻለ አበል በዚያ ዓመት አልተከፈለኝም።

ሁለተኛው ደግሞ ሰኔ 9 ቀን 2012 ነው። ኦክስፎርድ ላይ የሚመራ አንድ የኮቪድ ሕክምና ሙከራ ውጤት ወጣ፤ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉ ታማሚዎች ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን በሚወስዱት ላይ ደግሞ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል ተባለ። ዴክሳሜታዞን! ርካሽ፣ አሮጌ፣ መደርደሪያችን ላይ ያለ መድኃኒት። ያን ቀን ከዋርድ ሐኪሞች ስልክ ሲደወልልኝ «አለ» እያልኩ ስመልስ ድምፄ ራሱ ተቀየረ። በማግሥቱ ደግሞ ጤነኛ ሰዎች «ለመጠባበቂያ» ሊገዙት መጡ። እዚህ ጋ ዜናው ሁለተኛ ግማሽ ነበረው፤ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው አይጠቅምም። አንዱ ነጋዴ ተቆጣኝ፣ «ገንዘቤን ነው የምሰጥህ» አለኝ። «አይሆንም» አልኩት። ቀኑን ሙሉ «አይሆንም» ስል ዋልኩ። ሲመሽ አልደከመኝም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

እስኪ አስቡት፤ ሁለቱም ሰው መመለስ ነው። ሁለቱም ያስቆጣል። ግን «አይሆንም» ስል የተማርኩት ትምህርት ነው የሚናገረው፤ «የለም» ስል ባዶ መደርደሪያው ነው በእኔ አፍ የሚናገረው። የሚያንገሸግሸው ሁለተኛው ነው። በሥራ ውጥረት ላይ የጻፈው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያለው ወደዚህ ይጠጋል፤ ሰውን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሥራው ሲበዛ የመወሰን ሥልጣኑ ሲያንስ ነው።

ጥቂት ነገር ስለ ፕላስቲኩ ልበል። መስኮታችን ላይ የለጠፍነው ወፍራም ፕላስቲክ ከቫይረሱ ምን ያህል እንዳዳነን እንጃ፤ ድምፅ ግን አያሳልፍም። ማስኩ ተጨምሮበት። የመድኃኒት ምክር ደግሞ በሹክሹክታ የሚሰጥ ነገር ነው። የቲቢ መድኃኒት የምትወስድ ወጣት ሴት «ሽንትሽ ቀይ ቢሆን አትደንግጪ» የሚለውን እንድትሰማኝ ጮህኩ፤ ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። አንገቷን ስትደፋ አየኋት። ሌላው ደግሞ ቋንቋው ነው። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚያውቁ እናት ከፊቴ ቆመው፣ በእኔ ስብርባሪ አፋን ኦሮሞ ላይ አፌም ተሸፍኖ፣ «ጧት አንድ፣ ማታ አንድ» የሚለው ተቃራኒ ሆኖ ቢደርሳቸው ማን ይፈረድበታል? ድሮ በከንፈሬና በጣቴ ነበር የማስረዳው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱት የሦስትና የስድስት ወር በአንዴ መስጠቱ በመስፋቱ ከዚህ መስኮት ብዙ ሰው ተርፏል፤ ከዚያ ዘመን ይዘን ልንቆይ ከሚገባን አንዱ እሱ ነው።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ላልፍ ነው። እሠራበት በነበረው ሆስፒታል፣ ስሙን አልጠራም፣ ለፊት መስመር ሠራተኞች የአደጋ አበል ተብሎ ዝርዝር ሲወጣ ፋርማሲ አልነበረበትም። ስንጠይቅ «እናንተ ከታማሚው ጋር አትነካኩም» ተባልን። የታማሚው ወረቀት፣ የታማሚው ብር፣ የታማሚው ሳል ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ከሦስት ወር በኋላ ተስተካከለ፤ ብሩም ተከፈለ። ቁጭቱ ግን ከብሩ ጋር አልተከፈለም። አከራዬም በዚያው ወር፣ በሽታውን ፈርተው መሆኑ ነው፣ ቤቱን ለልጃቸው እንደሚፈልጉት ነገሩኝ። ልጅ እንደሌላቸው እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ሒሳብ አለው፤ ታገሱኝ።

በየሁለት ወሩ የምንሞላው የሪፖርትና የመጠየቂያ ፎርም፣ አር አር ኤፍ የምንለው፣ የሚቀጥለውን ትዕዛዝ የሚያሰላው ባለፉት ሁለት ወራት ከወጣው ተነስቶ ነው። የወጣው በሁለት ይባዛል፣ በእጅ ያለው ይቀነሳል፤ ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር እንዲሆን። በደህና ጊዜ ጥሩ ቀመር ነው። ግን መድኃኒቱ ከሁለቱ ወር አንዱን ሙሉ ጠፍቶ ቢሆንስ? የወጣው ግማሽ ነው። መድኃኒቱ የጠፋበትን ቀን ሳናካክስ ያንን ግማሽ እንደ ፍላጎት ከጻፍነው፣ ግማሽ እንጠይቃለን፤ ግማሽ ይመጣል፤ በግማሽ ጊዜ ያልቃል። የክምችት መመዝገቢያው ቢን ካርድም፣ የዕቃ ወጪ ሰነዱ ሞዴል 22ም የሚመዘግቡት ያለውንና የወጣውን እንጂ ተፈልጎ የጠፋውን አይደለም። ያ የሴካ አባት የትኛው ወረቀት ላይ አለ? የትም የለም። ስለዚህ በወረቀቱ ዓለም ልጁም አልታመመም፣ ፌኖባርቢታልም አልተፈለገም፣ እኔም «የለም» አላልኩም።

ያን ካርቶን ያስታወስኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጭረቶቹ ለካ የእኔ ምሬት ብቻ አልነበሩም። አጠገባቸው የመድኃኒቱን ስም ጽፌ ቢሆን ኖሮ ፎርሙ ላይ የጎደለው ቁጥር እነሱ ነበሩ። አለመጻፌ ይቆጨኛል።

በኋላ በሌላ ቦታ ስንሠራ ሁለት ቀላል ነገር ሞከርን። ጠዋት ከመስኮቱ መከፈት በፊት የመጋዘኑ ሰው አምስት ደቂቃ መጥቶ ዛሬ የጠፋውን፣ በምን ሊተካ እንደሚችልና ይመጣል የተባለበትን ቀን ይነግረናል፤ ቀኑ ካልታወቀም «አልታወቀም» ብሎ ይነግረናል። ዝርዝሩ በዚያው ሰዓት ለዋርድ ሐኪሞች ይደርሳል። ክሊኒካል ፋርማሲስቶቻችን ከሐኪሞቹ ጋር ታማሚ ሲጎበኙ (ራውንድ ላይ) ይዘውት ይገባሉ፤ የሌለው መድኃኒት ማዘዣ ላይ ከመጻፉ በፊት እዚያው አልጋው አጠገብ ይቀየራል። ሁለተኛው ደግሞ መስኮት ላይ አንድ ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆምም፤ ተቀይሮ ወደ መጋዘን ወይም ወደ ዝግጅት ክፍል ይገባል። ገንዘብ አልጠየቀም። ጉልበት ግን ጠይቋል፤ በተለይ የመጋዘኑን ሰው በጠዋት ማስመጣት። (የመጋዘን ባልደረቦቼ፣ እጃችሁን አታውጡ፤ ጥያቄ በኋላ ነው።)

«ነገስ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አሁን «ሐሙስ ይመጣል ተብሏል፤ ከመምጣትህ በፊት በዚህ ስልክ ደውል» እለዋለሁ። ሐሙስም አንዳንዴ አይመጣም። ግን ሰውየውን ቀና ብዬ እያየሁት ነው የምነግረው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ነገ ጠዋት መስኮቱን ስትከፍቱ አንድ ባዶ የጓንት ካርቶን አጠገባችሁ አኑሩ። «የለም» ባላችሁ ቁጥር የመድኃኒቱን ስም ጽፋችሁ ጭረት አስምሩ። የታማሚውን ስም አትጻፉ። ለሁለት ሳምንት ብቻ። ተማሪዎች፣ እናንተ ተለማማጅ በሆናችሁበት ቦታ አግዟቸው፤ እጃችሁ ፈጣን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርቶኖቹን አምጡልኝ፤ ደምሬ፣ ከአር አር ኤፉ ጋር አስተያይቼ ለየአስተዳደሮቻችሁ ይዤ የምገባው እኔ ነኝ። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰው ብዙ አይፈራም።

የዛሬዎቹን ካርቶኖች በሩ አጠገብ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ስትወጡ አንዳንድ ውሰዱ። ቡናው ደርሷል፤ የመጋዘን ሰዎች ቅድሚያ ይቅዱ።